ከቦሌ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

ልጁ ባሕር ማዶ ያለ ሰው በየሰርጉና በየለቅሶ ቤቱ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ "ለመሆኑ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ይባላል። ኪሎ ሜትሩን የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ድሮም ቢሆን እኛ መንገድን የምንለካው በጊዜ ነበር። "የአንድ ቀን መንገድ ነው"፣ "ማልዶ የተነሣ ለምሳ ይደርሳል" ይባል ነበር እንጂ ርቀትን በቁጥር የሚናገር አልነበረም። እኔ ዕድሜዬን በጂኦግራፊ መምህርነት ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝና ርቀቱንም ሰዓቱንም ሳልቆጥር አልቀርም። ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከገባች ወዲህ ደግሞ ይህ ቁጥር የቤታችን ጉዳይ ሆኗል።

ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ "የትኛው?" የሚል ነው። የመሄጃው ሌላ፣ የመመለሻው ሌላ ነው። ለክርስትና ሲሄዱና ለቀብር ሲመጡ ደግሞ ሰዓቱ አንድ ሆኖ እንኳ አንድ አይደለም።

ከቀላሉ ልጀምር። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ልጆቻችን ያሉት ከዓለም ዙሪያ ሩቡን አልፈው ነው ማለት ነው። የግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል ሄዶ አትላንቲክ ውቅያኖስን ይሻገራል። ካርታ ግን ድቡልቡሏን ምድር በግድ ጠፍጣፋ ያደረገ ነገር ነው። ተማሪዎቼን እንዳደርግ እንደነበረው ሉል አምጥታችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጠር አድርጋችሁ ብትይዙ፣ ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አልፎ፣ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ሰማይ ወደ ውቅያኖሱ ይገባል። አብራሪዎች እንደ ነፋሱና እንደ ተፈቀደላቸው የአየር ክልል ከዚህ መስመር ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ መሠረቱ ይኸው ነው።

ክሩን የማሳየት ልማዴ ባለቤቴን ለማሳመን ጠቅሞኛል። መጀመሪያ አብረን ስንሄድ አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ አረፈ። እሷ "አሜሪካ እንሄዳለን ብለው አውሮፓን ያዞሩን ጀመር" ብላ አጉረመረመች። እቤት ስንመለስ በሉሉ ላይ አሳየኋት። በደብሊን በኩል ሲኬድ ጠቅላላው መንገድ 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ11 ሺህ በላይ ለሆነ መንገድ ይህ ምንም ማለት አይደለም። በካርታ ላይ ግን ትልቅ ዙር ይመስላል።

የደብሊኑ ዕረፍት ተጨምሮበት ስንሄድ 17 ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ስንመለስ የትም ሳናርፍ በ13 ሰዓት ቦሌ ገባን። ባለቤቴ ቀበቶዋን እየፈታች፣ "ያው የመጣንበት መንገድ አይደለም እንዴ? ምን አሳጠረው?" አለችኝ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሚበርሩበት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ ስንሄድ ፊት ለፊት ይጋፈጠናል፤ ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል። ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ከተማ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውም ጭነትም ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ ከቦሌ መነሣት ይከብደዋል። የሚችለውን ያህል ይዞ ይነሣና መንገድ ላይ ይሞላል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሣና አንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይደርሳል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለአዲሱ አየር ማረፊያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ማለቱ ከጥቅሞቹ አንዱ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ባለቤቴ፣ "እንግዲያው በርበሬውና ሽሮው ነዋ ያሳረፈን" አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ ለመንገድ የምትዘጋጁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ ደጋግሜ ሄጄ ያየሁትን ላካፍላችሁ። በርበሬውንና ሽሮውን በደንብ አሽጋችሁ ያዙ፤ የጉምሩክ ቅጽ ላይ ምግብ ይዣለሁ ማለትን አትፍሩ። ቋንጣ ግን ተዉት፤ ሥጋ አያስገቡም፣ ልፋታችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይቀራል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደረግም። ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ደም እንዲረጋም ያደርጋል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ በተቀመጡበትም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ውኃ አዘውትሮ መጠጣት ነው። የልብ ወይም የደም መርጋት ችግር ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ደግሞ ትኬት ሲቆረጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያዝላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ነውር የለበትም። ገፊው ሠራተኛ ሰልፉን ሁሉ አሳልፎ ልጃችሁ ፊት ያደርሳችኋል። ከቤት ደጃፍ እስከ ቤት ደጃፍ ሲታሰብ፣ ቦሌ ቀድሞ መገኘቱ፣ የፓስፖርት ሰልፉና ከደለስ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የመኪና መንገድ ተጨምሮ፣ የእኛ ጉዞ 23 ሰዓት ፈጅቷል። የአንድ ቀን መንገድ ነው ማለት ነው፤ አያቶቻችን እንደሚሉት።

አሁን ወደ ሰዓት አቆጣጠሩ ልለፍ። እኛ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት እንቀድማለን፤ እነሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ 8 ይሆናል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ነገር ያስቀኛል። ከ7 ላይ 6 ሲነሣ አንድ ይቀራል። የእኔ ግድግዳ ሰዓት ከቀኑ 9 ሲል የልጄ ሰዓት ከጠዋቱ 8 ይላል። እሷ ማታ 9 ስትል እኔ ጋ ከሌሊቱ 10 ነው። ሁልጊዜ የአንድ ቁጥር ልዩነት ብቻ! በጥቅምት መገባደጃ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ሁለት ይሆናል፤ ወደ መጋቢት መባቻ ሲመልሱት እንደገና አንድ። ስምንት ዓመት የሆናትን የልጅ ልጄን ይህን አስተምሬያታለሁ። "የአንቺ ሰዓት ላይ አንድ ደምሪ፤ የአባባ ሰዓት ይመጣል" አልኳት። "ታዲያ በጣም ቅርብ ነህ!" አለችኝ። ቁጥሩ ቅርብ ነው። ግን እሷ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትነሣ እኔ ከምሳ በኋላ ማሸለቤ ነው።

የእኛ ትውልድ ይህን ቅርበት አቅልሎ ማየት አይገባውም። አየር መንገዳችን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ። ወደ አሜሪካ መብረር የጀመረው ገና በእ.ኤ.አ. 1998 ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካ የሄደ ልጅ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ፣ ሲመቸው በዓመታት አንዴ ይመጣ ነበር። ሲሞትበትም በደብዳቤ ይረዳ ነበር፤ ተዝካሩ ካለፈ በኋላ። ያኔ "ይድረስ አይድረስ" የሚል ጥያቄ አልነበረም። አይደርስም ነበር። ጥያቄውን ያመጣው የ13 ሰዓቱ በረራ ነው፤ ቤታችንም የገባው ባለፈው ክረምት ነው።

ታላቅ እህቴ ሐምሌ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አረፈች። እናትና አባት ለሥራ ሲወጡ ልጄን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጄ እትዬ ትላታለች እንጂ እናቷ ማን እንደሆነች አንዳንዴ እኛም ይጠፋን ነበር። በዚያ ሌሊት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሰዓት ማየት ነው። ዋሽንግተን ማታ 9 ነበር። ልጄ ልጆቿን እያስተኛች ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ማታም አይነገርም፤ ሰው እንቅልፉን ተኝቶ ሲነጋ ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጃፍ ተንኳኩቶ። ይህ ልማድ ባሕር ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግም ገብቷል። አብሮ አደጓ የሆነች ጓደኛዋ ጋ ደወልኩ። እሷ ያለችኝን አልረሳውም። "ጋሼ፣ የነገው አውሮፕላን ረፋድ ላይ ነው የሚነሣው። ንጋት ላይ ካረዳናት ትደርሳለች። እናንተ ግን ቀብሩን ታቆዩላታላችሁ?"

በእኛ አገር በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ቀብር ቶሎ ነው። ሌሊት ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። የእድሩ ሽማግሌዎች ማልደው ድንኳን ሲያስተክሉ "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እናድርገው" አሉ። የዘመድ ሰውም "ሬሳ ማሳደር ለማን ይጠቅማል?" አለ። ባለቤቴ ሳትቀር፣ "ነፍሷ ዐርፋ ሥጋዋን ምን ታደርጋላችሁ?" አለች። ከቤተሰቡ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለነበርኩ ሁሉም ወደ እኔ አየ።

እኔም ቁጥሩን ነገርኳቸው። ልጅቷ ንጋት 11 ሰዓት ትረዳለች፤ ያኔ እዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ በእነሱ ረፋድ 5 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይነሣል። ከዚያ 13 ሰዓት። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ናት። "ቀብሩ ነገ 6 ሰዓት ይሁን። የምለምናችሁ አንድ ሌሊት ነው" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ዝም አሉና አንደኛው፣ "መምህር፣ መንገዱ እንዲህ በሰዓት የታወቀ ከሆነማ ምን ይደረጋል፤ ትድረስ" አሉ። አስከሬኑ ሆስፒታል አደረ።

ልጄ ደረሰች። ከድንኳኑ በር ላይ የሆነውን ለማንም መንገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ለቅሶ ታውቃላችሁ። የምነግራችሁ ከሠልስቱ በኋላ ያጫወተችኝን ነው። "አባዬ፣ ከሁሉ የከበደኝ 13 ሰዓቱ ነው" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ፊልም ያያል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እኔ መጮኽ አልችልም፣ መነሣት አልችልም፣ ደረቴን መምታት አልችልም። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ቀበቶዬን አስሬ አለቀስኩ።" ከጎኗ የተቀመጡት አንዲት እናት ልጃቸው ጋ ከርመው የሚመለሱ ናቸው። ጥቁር ልብሷን አይተው ምንም አልጠየቋትም። ውቅያኖሱ መሐል ላይ እጇን ያዝ አድርገው "እግዜር ያጽናሽ ልጄ፤ ማን ነው?" አሏት። ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ቦሌ እስኪደርሱ እጇን አልለቀቁም። እኒያን እናት አላውቃቸውም። ይህን ካነበቡ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ልጄ ከመመለሷ በፊት በነበረው ምሽት ራት ላይ አንድ ነገር አነሣች። "ቅር እንዳይላችሁ፤ እናንተም ጋ እንዲህ እንድታደርጉልኝ ነው የምፈልገው። አንድ ሌሊት ብቻ ጠብቁኝ" አለች። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ግን ወጥ እየጨመረችላት፣ "እኔን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳታሳድሩኝ። በሞትኩበት ቀን ቅበሩኝ" አለች። ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እማዬ፣ አፈር ሳላለብስሽ?" ብላ አለቀሰች። ሁለቱም እውነት አላቸው። እናቲቱ የምትጠይቀው ለራሷ ሥጋ ነው፤ ልጅቷ የምትጠይቀው ለቀሪ ዕድሜዋ ነው።

በዚያ ምሽት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አሁን ባለው የበረራ ሰዓት፣ እዚህ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ለተሰማ ነገር ልጄ የዚያኑ ቀን አውሮፕላን ትይዛለች፤ በማግሥቱ ጠዋት እዚህ ናት። ከ6 ሰዓት ካለፈ ግን አውሮፕላኑ ያመልጣታል፤ የምትደርሰው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ስለዚህ መስመሩ ቀትር ላይ ነው አልኳቸው። ባለቤቴ ወረቀቱን መነጽሯን አድርጋ አየችው። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ "እሺ። ከ6 ሰዓት በፊት ከሆነ አንድ ሌሊት ልደር። ካለፈ ግን ቅበሩኝና ለሠልስቴ ትድረስ፤ እኔም አልቀየማት፣ እሷም አትቀየመኝ" አለች። ልጄ ዐይኗን ጠርጋ ራሷን ነቀነቀች። ባለቤቴ ግን አልጨረሰችም። "ደግሞ አንድ ነገር ጻፍ" አለችኝ፤ "ለሬሳዬ የምትቆርጠውን ትኬት በቁሜ ትቁረጠው። በሁለት ዓመት አንዴ ልጆቹን ይዛ ትምጣ።" ጻፍኩት። ሁላችንም ፈረምን። ወንድ ልጄ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለሁሉም ላከ። የበረራ ሰዓት በየወቅቱ ይለዋወጣልና በየመስከረሙ አይቶ ማስተካከል የእሱ ሥራ ሆነ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው "ሟርት ነው" ይሉኛል። እኔ ግን በዚያች የሐምሌ ንጋት ድንኳን ሥር ቆሜ በእንባ መሐል ሰዓት ስደምርና ስቀንስ ነበር። ልጆቼ ያን ማድረግ የለባቸውም። ባሕር ማዶ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እናንተም ሁሉም በተሰበሰበበት ራት ላይ አንሡት። ከየት ከተማ፣ በስንት ሰዓት በረራ፣ እስከ መቼ ይጠበቃል? ማን ያረዳል? ለልጆቹ ማን ይቀራል? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ልጄ የመጀመሪያውን ትኬት ቆርጣለች። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ልጆቹን ይዛ ትመጣለች። ባለቤቴ ከአሁኑ በርበሬ ማስቀንጠስ ጀምራለች፤ ሲመለሱ የሚይዙት ነው። ደለስ ላይ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ይነሣል። 13 ሰዓት ነው።